ትንፋሽሽን አትያዢ

ከጎንደር የወጣሁ ዕለት ተኩሱ የጀመረው ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነበር። ቦርሳዬ በሩ ሥር ቆሟል፤ እኔና እናቴ ወለሉ ላይ በሆዳችን ተኝተናል። ከቁስቋም በሚወርደው መንገድ ከባድ መኪና ሲያጓራ እናቴ እጇን አፌ ላይ አድርጋ፣ «ትንፋሽሽን ያዢ» አለችኝ በጆሮዬ። ሞተሩ እስኪርቅ ድረስ ሁለታችንም አልተነፈስንም። ትንፋሽ መንገድ ድረስ እንደማይሰማ እኔም እሷም እናውቃለን፤ ግን ሁልጊዜ እንይዘዋለን።

ረጋ ሲል ጎረቤታችን አያ ፈንቴ ባጃጁን መብራት አጥፍቶ አመጣልኝ። አውሮፕላኑ ጠዋት ቢሆንም አዘዞ አክስቴ ቤት ማደር ነበረብኝ፤ ሲነጋ መንገዱ ይከፈት አይከፈት የሚያውቅ አልነበረም።

«ምነው ቱርክ ድረስ?» አለኝ ፒያሳን አልፈን ስንወርድ። «ምን ልትማሪ ነው?»

«የባሕር ነገር ነው፣ አያ ፈንቴ። ዓሣውን፣ የባሕሩን ሣር...»

«ሣሩማ እዚህም ሞልቷል!» ብሎ ሳቀ። ከፊት ለፊት ኬላው ሲታየው ግን ሳቁን ዋጠ።

ቱርክ እንደደረስኩ ኢካሜት የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ ለማውጣት ሄድኩ። ሠራተኛው ወረቀቴን አገላብጦ አገላብጦ፣

«አገርሽ ባሕር አለው?» አለኝ።

«የለውም።»

«ዋናስ ትችያለሽ?»

«እየተማርኩ ነው።»

አጠገቡ ላለው ባልደረባው ምን እንዳለው እንጃ፣ ሁለቱም ሳቁ። «በርቺ እንግዲህ» አለ ማኅተሙን እየመታ። «ይሄ ለተማሪ ብቻ ነው። ትምህርትሽ ከቆመ እሱም ይቆማል።» እሱ እየሳቀ ነው የተናገረው። ነገሩ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ትምህርቱ ከቆመ የምመለሰው ወደዚያ ወለል ነውና።

ክፍል ያከራዩኝ ነርሚን ሃኒም ናቸው፤ ሃኒም እንደኛ እትዬ ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት የወይራ ፍሬ በዳቦ ያቀርቡልኛል። ወይራ እኛ አገር የጠላ ጋን ይታጠንበታል እንጂ ይበላል እንዴ? ላለማስቀየም እየዋጥኩ ለመድኩት። እሳቸው ግን ባሕር የምጠልቅበትን የጎማ ልብሴን አልለመዱትም። «ይሄን የተሰቀለ ሬሳ ከመታጠቢያ ቤቴ አውጪልኝ!» ይላሉ፤ እኔም ማታ ማታ ጥቁሩን ልብስ ሳየው እውነትም ሰው ይመስለኛል።

መጥለቅ የሚያስተምረን ኬማል ሆጃ ነው፤ ሆጃ መምህር ማለት ነው። ሥራችን ከባሕሩ ሣር መሐል ቀጥ ብሎ የሚቆመውን፣ ክንድ የሚያህለውን ትልቅ ዛጎል ፎቶ ማንሳት ነው። በበሽታ አብዛኞቹ ሞተዋል። በሕይወት ያለው አፉን ገርበብ አድርጎ ይቆማል፤ ጥላ ካረፈበት ግን ይዘጋል። ክፍት ሆኖ ውስጡ እየታየ ያላነሳው ተማሪ ኮርሱን አያልፍም።

የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎቼ ሁሉ ዳባት ላይ በረዶ ሲወርድ የተነሱ ይመስሉ ነበር። በእግሬ ያቦነንኩትን አሸዋ የካሜራው መብራት እያበራው ነው። ሆጃ አይቶ፣ «ካሜራው ምንም አልሆነም፤ ችግሩ አንቺ ነሽ» አለና ቀማኝ። ከዚያ በኋላ ባዶ እጄን ውሃ ውስጥ መንሳፈፍ ብቻ ሆነ ሥራዬ። እንደ አልጋ ጠፍጣፋ መሆን፣ ጉልበት አጥፎ እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን መቅዘፍ፣ ምንም አለመንካት። ሳንባ ሲሞላ ሰውነት ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሲጎድል ዝቅ ይላል። «ወደ ታች ለመጠጋት አትዋኚ፤ አየር አስወጪና ውረጂ» ይለኛል። «ከሁሉም በላይ ከአየር ቱቦው ሳታቋርጪ ተንፍሺ፤ ትንፋሽሽን አትያዢ። ይዘሽ ወደ ላይ ከወጣሽ ሳንባሽ ይቀደዳል።»

ካሜራውን የመለሰልኝ ቀን አንድ ሕያው ዛጎል አገኘሁ። ቀስ ብዬ እየተጠጋሁ ሳለ ከላያችን የጀልባ ሞተር ተነሣ። ውሃ ውስጥ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይለይም፤ ከፊትም ከኋላም፣ ከራስ ደረት ውስጥም ያጓራል። የእናቴ እጅ አፌ ላይ ያለ መሰለኝ። ትንፋሼን ያዝኩት። ሣሩ ከሥሬ እየራቀ፣ እኔ ወደ ላይ እየወጣሁ መሆኑን እንኳ አላየሁም፤ ሆጃ እግሬን ጎትቶ ደረቴን በጡጫ ሲመታው ነው የአረፋ ናዳ ከአፌ የወጣው።

ጀልባችን ላይ ስንወጣ የሆጃ ፊት አመድ መስሎ ነበር። «ለምን ያዝሽ?»

በቱርክኛ እንዴት ይባላል? «እናቴ አስለምዳኝ» ብቻ አልኩ።

«ደግመሽ ከያዝሽ ወደ ውሃው አትመለሺም። ተቆጥቼ አይደለም፤ ሬሳሽን ለእናትሽ መላክ ስለማልፈልግ ነው።»

በሚቀጥለው ጊዜም ሞተሩ መጣ። አፌ ውስጥ ያለውን የአየር ቱቦ ጎማ በጥርሴ ነክሼ፣ በረጅሙ አስወጣሁ። አረፋው ጆሮዬን ሞላው። አስወጥቼ ዝቅ፣ እንደገና አስወጥቼ ዝቅ አልኩ። አሸዋው አልተነሣም። ጥላዬን ከጎን አድርጌ ዛጎሉን ክፍት እንደሆነ አነሳሁት።

ያለፍኩ ዕለት ፎቶውን ለእናቴ ላክሁላት፤ ጎንደር ግን ኔትወርክ አልነበረም። ከብዙ ቀን በኋላ፣ ትናንት ከሰዓት፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ስደውል አነሳችው።

«ልጄ! ሸጋ ነሽ? በላሽ?»

«ሸጋ ነኝ እማ። ፎቶውን አየሽው?»

«አየሁት። ገርበብ ያለ በር ነው የመሰለኝ። ምነው፣ የሚዘጋው የለም?»

«ራሱ ይዘጋል እማ። ሲፈራ...»

«ቆይ» አለች።

በስልኩ ውስጥ ሞተሩን ሰማሁት። ያው ከባዱ መኪና ነው። ከዚያ የእሷ ድምፅ ጠፋ፤ ትንፋሿም ጠፋ። የእኔም ደረት ሊቆለፍ ሲል ተሰማኝ።

«እማ፣ ተንፍሺ» አልኩ በቀስታ። «ውጪ አይሰማም። ተንፍሺ።»

ስልኩ አልተዘጋም። ሞተሩ ይራቅ ይቅረብ ከዚህ ሆኜ መለየት አልችልም። ስልኩን አፌ ላይ አስጠጋሁና፣ እሷ እንድትሰማኝ በረጅሙ አስወጣሁ፤ እንደገና አስወጣሁ።