ቦበሩ ሲተኛ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ሐይቁ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11:30

ሚያዝያ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምኖርበት ቤዝመንት ስወጣ በሩን በቀስታ ዘጋሁት፤ ላይ ቤት ያሉት አከራዮቼ ተኝተዋል። በአንድ እጄ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፣ በሌላው የጫማ ካርቶን ይዣለሁ። ካርቶኑ ውስጥ በጥጥ የጠቀለልኳቸው ስድስት ቦበሮች አሉ። ቦበር ውኃ ላይ የሚቆም፣ እንደ እስክሪብቶ የቀጠነ ተንሳፋፊ ነው፤ ዓሣ መንጠቆውን ሲነካ ወሬውን የሚያመጣው እሱ ነው።

ለዚህ ጉዞ ያበቃኝ ሥራዬ ነው። የፎቶ ፊልም አጥባለሁ። የሰው ሠርግ፣ የሰው ልደት፣ የሰው ሽርሽር በእጄ ያልፋል። ባለፈው ሳምንት ጋሽ ወርቁ የሚባሉ የታክሲ ሾፌር ያመጡትን ፊልም ሳጥብ፣ ሐይቅ ዳር ዓሣ ከፍ አድርገው የሚስቁ ሰዎች አየሁ። ደንበኛን ስለ ፎቶው ጠይቄ አላውቅም። ያን ቀን ግን «ምን ዓይነት ዓሣ ነው?» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ።

«ክራፒ ነው። ማክሰኞ እንሄዳለን፤ ረፍትሽ ከሆነ ኪንግ ስትሪት ባቡር ጣቢያ እንጠብቅሻለን» አሉኝ። «ግን እኔ መኪና ውስጥ ተመልካች አይሳፈርም። ቦበርሽን አመዛዝነሽ ነይ!» ከታክሲያቸው ዘንግና የማጥመጃ ዕቃ አምጥተው ሰጡኝ፣ አሠራሩንም ቆመው አሳዩኝ።

እዚህ ከመጣሁ በሰባት ወር ውስጥ በረፍት ቀኔ የጠራኝ ሰው የለም። አንዴ ተጠርቼ እንዳልቀር፣ እዚያ መኪና ውስጥ ቦታ እንዲኖረኝ ፈለግሁ። ስለዚህ እሑድን ከሰዓት በኋላ በሙሉ ከአንድ ባልዲ ውኃ ጋር አሳለፍኩ። ጂግ የሚሉት ራሱ እርሳስ፣ ጅራቱ ላባ የሆነ ትንሽ መንጠቆ ነው። በጣም ቀላል ስለሆነ ብቻውን ቦበሩን አያቆመውም፤ ቀዩ ጫፍ ብቻ ከውኃ በላይ እስኪቀር ድረስ ክሩ ላይ የእርሳስ ፍሬዎች በፒንሳ ይነከሳሉ። አንድ ፍሬ ከበዛ ይሰምጣል፤ ካነሰ ይጋደማል። ስድስቱንም ቀጥ አድርጌ አቆምኳቸው።

12:20

በቀዩ የባቡር መስመር ወርጄ ቢጫውን ያዝኩ። ፉርጎው ውስጥ ስድስት ሰዎች ነን። የጥበቃ ዩኒፎርም የለበሰ ሰውዬ ዘንጉን አይቶ ፈገግ አለልኝ። እኔ ካርቶኑን ማየት ጀመርኩ። ቀና ስል ዓይኑን ጨፍኗል። ባቡሩ ድልድዩ ላይ ሲወጣ የፖቶማክ ወንዝ ከታች ግራጫ ሆኖ ተዘርግቷል፤ አንድም ጀልባ የለበትም።

12:45፣ አሌክሳንድሪያ

ጋሽ ወርቁ አሮጌ ቶዮታቸው ውስጥ እየጠበቁ ነው። ከጎናቸው የባለቤታቸው ታላቅ እህት እትዬ ፅጌ ተቀምጠዋል፤ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ናቸው።

«የፎቶ ቤቷ ልጅ አንቺ ነሽ? ስምሽ ማነው?»

«ሶስና።»

«ጮክ በይ እናቴ! ድምፅ የማይወዱት ዓሦቹ ናቸው እንጂ እኛ አይደለንም።»

ዳቦና የቴርሞስ ሻይ አቀበሉኝ። መንገዱን በሙሉ ተጨቃጨቁ።

«እትዬ ፅጌ እኮ ሁዳዴን ሙሉ ያጠምዳሉ፣ አይበሉም» አሉኝ ጋሽ ወርቁ በመስታወቱ እያዩኝ። «ፍሪዘራቸው የዓሣ መቃብር ሆኗል።»

«ለፋሲካ ነው! አንተ ደግሞ ስለ ጾም ታወራለህ? ዓርብ ዕለት ሃምበርገር ቤት ደጃፍ ታክሲህን አይቻለሁ።»

«ደንበኛ እየጠበቅኩ ነበር!»

«ደንበኛውማ አንተው ነህ!»

ከኋላ ወንበር ሳቅሁ። የሰሙኝ ግን አይመስለኝም።

1:30፣ ሐይቁ

ውኃ ላይ የተዘረጋ የእንጨት መድረክ አለ። ሁለቱ መሐሉ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ እንዳላስቸግራቸው ጫፉ ድረስ ሄድኩ። ጂጉን ወረወርኩ። ቦበሩ ልክ ባልዲው ውስጥ እንደነበረው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ቀዩ ጫፍ ብቻ ይታያል። ደስ አለኝ።

ጥቂት ቆይቶ ግን ውኃው ላይ ጋደም አለ። ክሩ ረዝሞ ጂጉ መሬት ነክቷል ወይም እርሳሱ አንሷል ብዬ አወጣሁት። ክሩን አሳጠርኩ፣ አንድ ፍሬ ጨመርኩ፣ ወረወርኩ። ሰመጠ። ቀነስኩ። ቆመ። ደግሞ ተኛ። እንዲህ እያልኩ ከአንዱ ቦበር ወደ ሌላው ተሸጋገርኩ።

በስተጀርባዬ ባልዲያቸው ውስጥ ዓሣ ይንፈራገጣል።

«ሶስና፣ እንዴት ነው?» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ደኅና ነው፣ ጋሼ።»

መጠየቅ እችል ነበር። ሃያ እርምጃ ብቻ ነው የሚያራርቀን። ነገር ግን አደራ የተባልኩትን አንድ ነገር እንዳበላሸሁ መናገር አፈርኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል አለፈ።

4:00

«ግማሽ ሰዓት ቀረን!» ብለው ጋሽ ወርቁ ተጣሩ። የመጨረሻው ቦበር ውኃው ላይ ነው። አሁን ዝም ካልኩ ተመልካች ሆኜ ልመለስ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ጋደም አለ።

«ጋሼ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «ቦበሩ ተኛብኝ!»

«ተኛ? ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? አንሺው! በቀስታ፣ ከንፈሩ ወረቀት ነው!»

ዘንጉን አነሳሁ። ከበደ፣ ተንቀጠቀጠ። ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት፣ መዳፌን የሚያህል ብርማ ዓሣ ወጣ።

ጋሽ ወርቁ መጥተው አስረዱኝ። ክራፒ ከታች ነው የሚመጣው፤ ጂጉን ጎርሶ ወደ ላይ ይነሳል። ያኔ ቦበሩን ቀጥ አድርጎ የያዘው ክብደት ይላቀቅና ይተኛል። በደንብ የተመዛዘነ ቦበር ነው እንዲህ የሚናገረው።

«ከዚህ በፊት ስንቴ ተኛብሽ?»

«ሃያ ጊዜ ይሆናል።»

እትዬ ፅጌ ሳቃቸው መቀመጫቸውን ሊገለብጠው ነበር። «ዓሣው በሯን ሲያንኳኳ፣ እሷ እርሳስ ትጨምርለታለች!»

እኔም ሳቅሁ። በዚህኛው ጊዜ ሰሙኝ።

5:15፣ መልስ

ኪንግ ስትሪት ሲያደርሱኝ ጋሽ ወርቁ ሞተሩን ሳያጠፉ፣ «ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ታክሲዋን ማክሰኞ እኔ ነኝ የምይዛት፣ ከባልደረባዬ ጋር ቀን ተለዋውጠናል፤ የእኛ ቀን ሐሙስ ይሆናል» አሉ።

«የሷ ረፍት ማክሰኞ አይደል እንዴ?» አሉ እትዬ ፅጌ።

«አዬ፣ ለካ እሱም አለ። እንግዲህ እግዜር ያውቃል» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«እሺ» አልኩ። ዓሣዬን ይዤ ወረድኩ። መኪናዋ ዞራ እስክትጠፋ ቆምኩ።

ባቡሩ ውስጥ ዓሣዬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ተነስታ ሌላ ቦታ ተቀመጠች። ወርጄ ቀዩን መስመር እስክይዝ ድረስ ያ ወንበር ባዶውን ሄደ።

ረቡዕ፣ ጠዋት 2:00

ሱቁ ሳይከፈት ሥራ አስኪያጃችን ጋ ገባሁ። ከሰላምታ ያለፈ አውርተን አናውቅም።

«ረፍቴን ከማክሰኞ ወደ ሐሙስ ቀይርልኝ» አልኩት። አልሰማኝም፤ ደገምኩት።

«ምን ገጠመሽ?»

«የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ።»

ሐሙስ እንጠብቅሻለን ያለኝ ሰው ግን አልነበረም።

«ሐሙስ ሥራ ይበዛል። አስብበታለሁ» አለና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

አልወጣሁም። ቀና ብሎ አየኝ፤ የሥራ ፕሮግራሙን ከግድግዳው ላይ እስኪያወርደው ድረስ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁ።