የቅሬው ጦር ጡሩንባ ነፊ

አሻግሬ ጡሩንባ መንፋት የጀመረው በሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከውጫሌ በላይ ባለው መንደራቸው ሰው ሲሞት፣ ሟቹ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ከቤቱ ጀርባ ካለው ቋጥኝ ላይ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ይነፋል፤ ከዚያ የሟቹን ስም ይጣራል። የሚያርስ በሬውን ይፈታል፤ ገበያ የወጣ ከመንገድ ይመለሳል። ከቀብር የቀረ በቅሬው፣ በመንደሩ እድር፣ ሕግ ይቀጣል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ሲሠራ የኖረ ሰው ድምፁን ሰምቶ ደስ የሚለው ጎረቤት የለውም። ሴቶቹ "እሱ ጉሮሮውን ከጠረገ እኔ ልቤ ትወርዳለች" ይሉታል። እሱም ይህን ስለሚያውቅ ጉንፋን ሲይዘው እንኳ ከቤት ሳይወጣ ነው የሚያስለው።

ጦርነቱ ወደ አምባሰል ሲቃረብ መንደሩ ጦር አልነበረውም፤ የነበረው ቅሬ ነው። አንድ ቀን ከቀብር መልስ፣ ሰው ሣሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ "ፈቃደኛ የሆነ እጁን ያውጣ" ተባለ። ሠላሳ አንድ እጅ ወጣ። የቅሬው ዳኛ ቢያድግልኝ አዛዥ ሆነ። የቅሬው መዝገብ የጦሩ መዝገብ፣ የቅሬው ድንኳን መጠለያ፣ ሬሳ የሚወጣበት ቃሬዛ የቁስለኛ መሸከሚያ ሆነ። ጠመንጃ ያለው ከግማሽ አይበልጥም፤ ሌላው ፋስና ቆንጨራ ይዞ የጓደኛውን ጠመንጃ ተራ ይጠብቃል። የጭነት መኪና ሾፌሮች ሲያልፉ "ቀባሪዎቹ መጡ!" እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

ከሳዑዲ ተመልሶ ሱቅ የከፈተው ሀሚዱ ግን በዚያ ስም ይኮራ ነበር። "አብሽሩ" ይላል፣ "ሌላው ጦር ሬሳውን ጥሎ ይሄዳል። እኛ ዘንድ የሚሞት ሰው ቢያንስ ቀብሩ አያሳስበውም፤ ወላሂ!"

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በአንድ እሑድ ረፋድ፣ ቅሬው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ሐይቅ ከተማ የምታስተምረው የመንደሩ ልጅ እድላዊት የጦሩን ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ ልታሳትም አዘጋጅታ ነበርና፣ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ባለቤቶቹ ይስሙት ብላ መጣች። ቆማ አነበበች።

"ጦሩ ጉብታውን ሦስት ቀን ይዞ ቆየ። በሦስተኛው ቀን ሀሚዱና ሽታው ከጓደኞቻቸው መካከል ሲዋጉ ወደቁ። የቀሩት እየተኮሱ አፈገፈጉ።"

ቢያድግልኝ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ከሴቶቹ በኩል የሽታው እናት የሺሀረግ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ታዳምጣለች። አጠገቧ የሀሚዱ ባለቤት መስኡዳ ተቀምጣለች። አሻግሬ ግን እውነቱን ያውቃል። እስከ ዛሬ ውሸቱ በሰው አፍ ላይ ነበር፤ ከታተመ በኋላ ግን ማን ያነሳዋል? ከተናገረ ደግሞ ያቺ እናት የያዘቻትን አንዲት መጽናኛ ከእጇ መንጠቅ ነው። እጁን አወጣ።

"መምህርት፣ የቀረ ነገር አለ።"

"አሻግሬ፣ አንተ ደግሞ ጡሩንባህን አስቀምጥ!" አለ ቢያድግልኝ። "ዛሬ የሞተ ሰው የለም።"

ሰው ሳቀ። አሻግሬ አልሳቀም።

"ሽታው በመካከላችን ሆኖ አልወደቀም" አለ። "ብቻውን ነበር።"

ሳቁ ተቋረጠ። አሻግሬም ወደ የሺሀረግ ዞሮ፣ ቀና ብሎ ሊያያት ሳይደፍር፣ ነገሩን ተናገረ። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሀሚዱ በጥይት ተመትቶ አረፈ። ከዚያም ተኩሱ ጋብ አለ። አሻግሬ ጡሩንባውን ባይዝም እግሩ የለመደውን ሠራ፤ ከምሽግ ምሽግ እየሄደ "ሀሚዱ አርፏል፣ ቀብር ነው" አለ። ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሁሉም ተነሣ። አሻግሬ ሽታውን ብቻ "አንተ ጉብታውን እየጠበቅህ ቆይ፣ ፈቃድ አለው እላለሁ" አለው፤ ልክ ቤቱ በሽተኛ እንዳለበት የቅሬ አባል። ሃያ ዘጠኝ ሰው ከጉብታው በስተጀርባ ወዳለው ሜዳ ወረደ። ሙስሊሞቹ ጀናዛውን ገንዘው ሰገዱበት፤ ክርስቲያኖቹ ቆፈሩ።

የሺሀረግ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ለመቆፈር ስንት ሰው ይበቃል፣ አሻግሬ?"

"ስድስት። ቢበዛ ስምንት፣ እትዬ።"

"ሌላውስ ምን ይሠራ ነበር?"

"ቆሞ ነበር።"

"ቆሞ!"

"ቀብር ነዋ፣ እትዬ። የቀረ…"

"የልጄን ተኩስ ሰምታችኋል?"

ቢያድግልኝ "ተዪው እንግዲህ፣ እትዬ" ሊል ጀምሮ ነበር። አሻግሬ ግን መለሰ።

"ሰምተናል። ጉድጓዱ ተጀምሯል፤ ሀሚዱ ሜዳ ላይ ተኝቷል። ክፍት ጉድጓድ ጥሎ የሄደ ሰው ከእኛ መካከል ያየ የለም። ፍጠኑ፣ ፍጠኑ ተባባልን። አፈሩን መልሰን ስንወጣ ጠመንጃው ዝም ብሎ ነበር። ጉብታው በጠላት እጅ ገብቷል።"

መስኡዳ ሻሿን በፊቷ ላይ ሳበች። "ወላሂ አላወቅሁም፣ እትዬ የሺሀረግ። አላህ ያውቃል።"

"አንቺ ምን አጠፋሽ? ዝም በይ፣ አታልቅሺ" አለቻት፣ እጇንም ጉልበቷ ላይ አኖረች። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ትናገር ጀመር። "አራት ዓመት ሙሉ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሆኖ የኔ ልጅ ብቻ እንዴት ወደቀ እላለሁ። አንዳንዴ ፈርቶ ሲሸሽ ይሆን እላለሁ። እናቱ ሆኜ!" ወደ እድላዊት ዞረች። "ጻፊው ልጄ። ጉብታውን ብቻውን የያዘው ሽታው ነው በይ።"

"እትዬ የሺሀረግ" አለ ቢያድግልኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ይህ እኮ ታትሞ ልጆቻችን ያነቡታል። ሰው ይስቅብናል።"

"ይሳቅባችኋ! ያኔም ሾፌሮቹ ይስቁባችሁ አልነበር? ምን ሆናችሁ?"

ከወንዶቹ በኩል አንዱ ሳያስበው ፈገግ አለና መልሶ አቀረቀረ። ቢያድግልኝ ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

አሻግሬ ተነሥቶ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ። ጉልበቷን ሰበሰበችበት።

"ዛሬ አይሆንልኝም" አለችው። "ሌላ ቀን ቤቴ ና።"

አሻግሬ ቀና አለ፤ ግን ወደ ቦታው ተመልሶ አልተቀመጠም። እድላዊት እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች።

"አያ አሻግሬ፣ ስንት ደቂቃ ይሆናል? ሽታው ብቻውን የተዋጋው?"

ሁሉም እሱን አየ። ያኔ ሰዓት የያዘ ሰው ሀሚዱ ብቻ ነበር። አሻግሬ መዳፉን ከጉልበቱ አንሥቶ ደረቱ ድረስ አሳየ።

"የመጀመሪያውን ተኩስ ስንሰማ ጉድጓዱ እዚህ ነበር። እዚህ አደረስነው፤ ከዚያ ሀሚዱን አሳርፈን አፈር መለስን። የመጨረሻው አካፋ ላይ ነው ጠመንጃው ዝም ያለው።"

"በደቂቃ ነው የጠየቅሁዎት።"

"እንዳለው ጻፊው" አለች የሺሀረግ። "እዚህ አገር ጉድጓድ ያልቆፈረ ሰው የለም።"