የገመዳ ቋጠሮ

ጥር ሲያልቅ፣ ልጅ ሳለሁ፣ ጭሮ ከተማ ዳር ያለው ቤታችን ውስጥ ከአቧራ በቀር የሚገባ ነገር አልነበረም። ምንጩ ይቀጥናል፣ ተራራው ይገረጣል፣ ያኔ አዳዳ ሳር ፍለጋ ትወጣለች። አዳዳ የምላት የአባቴን እህት ነው፤ ወላጆቼ ሲሞቱ ከልጇ ከገመዳ ጋር ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዓመቱን ሙሉ ገበያ ለገበያ ማሽላ ስትሸጥ የምትኖር ሴት ያን ቀን ግን ቤት ትውላለች። ከምንጩ ዳር ድርቁ ያልደረሰበትን እርጥብ ሳር ለቅማ ታመጣና ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ ክብ አድርጋ ትጎነጉነዋለች፤ ለእያንዳንዳችንም አንድ አንድ ቋጠሮ ትቋጥርበታለች። ቋጠሮውን ቅቤ እየቀባች ስማችንን ለዋቃ፣ ለሰማዩ አምላክ፣ ትነግርና ከበሩ በላይ ካለው ምስማር ላይ ትሰቅለዋለች። የበልግ ዝናብ የጣለ ቀን አውርዳ ደጅ ትወጣና ዝናቡ ውስጥ ቆማ አንድ በአንድ ትፈታዋለች። ከቤት ወጥቶ ያልተመለሰ ሰው ካለ የእሱ አይፈታም፤ እስኪመጣ ይጠብቀዋል። ከእናቷ ያየችው ነው።

ሳሩ የተሰቀለ ዕለት ማታ ተረት አለ። የማሽላው አገዳ ነዶ ፍም ሲሆን፣ ኩራዙ ግድግዳው ላይ ጥላችንን ሲያስረዝም፣ በእጇ ላይ የቀረው ቅቤ እየሸተተን፣ የሰባት ልጆች እናት የነበረችውን ሴት ታወራልናለች። ድርቅ ገባና ልጆቿ ዝናብ ፍለጋ በሰባት መንገድ ሄዱ፤ እናትየው በር ላይ ቆማ ስማቸውን ስትጠራ ስድስቱ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ ሰባተኛው ግን ቀረ። አዳዳ እዚህ ላይ ታቆማለች። ቀሪው የሚነገረው ዝናብ ሲመጣ ነው። በየዓመቱ እሰማዋለሁ፣ በየዓመቱ ግን እንቅልፍ ይነሳኛል።

«ምን ታስባለህ አንተ» ይለኝ ነበር ገመዳ፤ «ሰባተኛው በደሳ ከተማ ገብቶ ጫቱን እየቃመ ነው።» አዳዳ በአገዳ ቁራጭ ትወረውረውና እሷው መልሳ ትስቃለች። ዝናቡ ሲመጣ ግን ሰባተኛው ልጅ እስከ አጥንቱ በስብሶ፣ ዝናቡን እንደ ከብት ከኋላው እየነዳ ይገባል። እኔም ያን ጊዜ ልቤ ያርፋል።

ገመዳ በጅቡቲ በኩል ዐረብ አገር ለመሻገር የወጣው እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ባሕሩ ሳይደርስ አንዴ በጎረቤት ስልክ ደወለና «እመጣለሁ፣ ቋጠሮዬን እንዳትፈቺው» አላት። አልፈታችውም። በልጉ መጥቶ የኔንና የእሷን ስትፈታ የእሱን ግን ደርቆም ቢሆን መልሳ ሰቀለችው፤ በዓመቱም ጥር ሲያልቅ ከአዲሱ ጋር አብራ ጎነጎነችው።

እኔ ያኔ ጌታን ከተቀበልኩ ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር፤ ስድስተኛን ጨርሼ ትምህርት ትቻለሁ፣ ልቤ ግን በእግዚአብሔር ነገር እሳት ነበር። የቤተ ክርስቲያን አስተማሪያችን ቤታችሁን ከጣዖት አጽዱ አሉን። አቃጥሉ አላሉም፤ ያ ከራሴ ነው። አዳዳ መሰላ ገበያ የሄደች ቀን ወንበር ላይ ወጥቼ ሳሩን አወረድኩና እየጸለይኩ ፍሙ ላይ ጣልኩት። ቅቤው ትንሽ ተንጣጣ። የእኔና የእሷ ገና ስላልደረቁ ጢሰው ቆዩ፤ የገመዳ ግን ወዲያው ነደደ።

ስትመጣ ምስማሩን አየች፣ ምድጃውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ጣዖት ስለሆነ ነው አልኳት። ይመስለኛል በኩራት ነው ያልኳት። እንድትመታኝ ጠብቄ ነበር፤ ለዱላም ተዘጋጅቼ ነበር።

«አንዱ እኮ የገመዳ ነው» አለች።

መጋቢት ላይ ዝናብ መጣ። አዳዳ ደጅ ወጥታ ባዶ እጇን ይዛ ቆመች። ስትገባ ልብሷ ላይዋ ላይ ተጣብቋል። ፈራ ተባ እያልኩ «አዳዳ፣ ሰባተኛውስ?» አልኳት።

«ረስቼዋለሁ፣ ልጄ» አለችኝ።

ገመዳ አልመጣም። አንዳንዱ ጀልባ ነው ይላል፣ አንዳንዱ በረሃ፤ ያየሁ የሚል ግን የለም። እኔ ጌታዬን አውቃለሁ፤ ሳር ሰው አይመልስም፣ የሳር መቃጠልም ሰው አይገድልም። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ እንደነገርኩት እሱ ያውቃል።

ከዓመታት በኋላ አዳዳ እኛ ቤተ ክርስቲያን መጣች። ጉባኤው አጨበጨበ፤ እኔንም ወደ ፊት ጠርተው ጣዖቱን ያቃጠለው ልጅ ይኸው አሉ። አጠገቧ ቆምኩ። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ የእሷን ድምፅ ሰማሁት፤ አንድ ስም ብቻ ነበር የምትለው፣ ደጋግማ። የመጣችው ያን ስም የምታኖርበት ሌላ ቦታ ስላልተውኩላት እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። እስክትሞት ድረስ ሌላ ጸሎት ስትጸልይ አልሰማሁም።

ምስማሩ ዛሬም ከበሩ በላይ አለ፤ ዙሪያው ያለው እንጨት በቅቤ ጠቁሯል። ልጆቼ ተረት ሲሉኝ ያንኑ እነግራቸዋለሁ፤ ስድስተኛው ልጅ ይመለሳል፣ ከዚያ አፌ ይያዛል። ቀሪው ዝናብ ሲመጣ ነው እላቸዋለሁ።

«አባባ፣ እየዘነበ እኮ ነው» አለችኝ ትንሿ ባለፈው።

እውነቷን ነው። ቆርቆሮው ላይ ይሰማኝ ነበር።