ለዘማች ቤት የተጠራ ደቦ

ወንድሜ የዘመተው አባታችንን ከስብሰባ እንዳያስወጡት ብሎ ነው። አገሩን አይወድም ነበር ማለቴ አይደለም፤ ግን ስንቁን ስቋጥርለት የነገረኝ ይህንኑ ነው።

"እኔ ከዘመትሁ ወዲያ አባቴን ቢሮክራት የሚለው ማን እንደሆን አያለሁ" አለኝ።

ቢሮክራት! እኛ ቡሬ ገጠር ይህ ቃል ስድብም ፍርድም ነበር። አባቴ ማንበብ ስለሚችል ብቻ በደርግ ጊዜ ሁለት ዓመት የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ አድርገውት ነበር። ደርግ ወድቆ መሬት እንደገና ሲሸነሸን በዚህ ጥፋቱ አራት ጥማድ ብቻ ተዉለት፤ አንድ ጥማድ በሬ በአራት ቀን አርሶ የሚጨርሰው መሆኑ ነው። የቀረው ለሌሎች ታደለ። ቀበሌው ተሰብስቦ ነገሩ ምርጫ ላይ ሲደርስ ደግሞ "ቢሮክራቶች ውጡ" ይባላል፤ አባቴም ይወጣል።

የባድመ ጦርነት ሲነሳ ወንድሜ ሃያ ዓመት አልሞላውም። አሟሟቱን የነገረን እግሩን እየጎተተ ከሽንዲ የመጣ ጓደኛው ነው። ወንድሜ ከምሽግ እየወጣ ሁለት ቁስለኞች አንድ በአንድ ተሸክሞ አመጣ፤ ሁለተኛው ይኸው ጓደኛው ነበር። ለሦስተኛው ሲነሳ ጓዶቹ እንዳይሄድ ልብሱን ጨምድደው ይዘውት ነበር አለን። አስለቅቆ ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ልጁ ይህን ሲናገር አባቴን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ አንተ ተርፈህ እሱ ይሙት ብዬ በሆዴ ጠላሁት።

በዓመቱ የቀበሌው ሊቀ መንበር ለጀግናው ቤተሰብ ደቦ ይውጣ ብሎ አዘዘ። ለአራት ጥማድ መሬት ሃያ ጥማድ በሬ መጣ። በሬዎቹ እርስ በርስ እየተጋፉ መዞሪያ አጡ፤ ቁርስ ሳይደርስ እርሻው አለቀ። እኛ ግን ለቀን ሙሉ ሥራ የሚሆን ጠላ ጠምቀን ነበር። አራሾቹ በሬያቸውን ፈትተው አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ፤ ከመካከላቸው የእኛን መሬት የታደሉ ነበሩበት።

ሊቀ መንበሩ በታረሰው መሬት ላይ ቆሞ ስለ ወንድሜ ጀግንነት ብዙ ተናገረ። ቃሉ ያማረ ነበር፤ እናቴን አስለቀሳት። ሲጨርስ፣ ሰው ከተሰበሰበ አይቀር የመሬት ኮሚቴውን እዚሁ እንምረጥ አለ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ በትሕትና፦

"እርስዎ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን፤ ደንቡ ስለሆነ ነው" አለው።

አባቴ ተነሳ። ከዚያ ሁሉ ሰው ይቀመጡ ያለው አንድ አልነበረም። እኔ የጠላ እንስራ ታቅፌ ቆሜ ነበር፤ ለምን በሊቀ መንበሩ ራስ ላይ እንዳልወረወርሁት ዛሬም ይቆጨኛል። መሬታችን ጠባብ ስለነበረ፣ አባቴ ፈቀቅ ብሎ የቆመው በሰው ማሳ ላይ ነበር።