ጠዋት ጠዋት አሥራ ሁለት ክኒን

ባለፈው ሳምንት ሳሪስ ወደሚገኝ አንድ የዓይን ክሊኒክ ሄጄ ነበር። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃተኝ ቆይቷል፤ የሰው ፊትም ጉም ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይታየኛል። ሐኪሟ ገና ልጅ ናት። ዓይኔን በመብራት አገላብጣ ካየች በኋላ ወንበሯን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ፣ «የዓይን ሞራ ጀምሮዎታል። ለዕድሜዎ ግን ትንሽ ቸኩሏል። ድሮ ፕሬድኒሶሎን የሚባል መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ወስደው ያውቃሉ?» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ያን ስም ከሰማሁ ሃያ ምናምን ዓመት አልፎኛል። «ወስጄ አውቃለሁ የኔ እናት፤ በደንብ አድርጌ ነው የወሰድኩት» አልኳት። እሷ ካርዱ ላይ ጻፈችና ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈች። እኔ ግን ወደ ሌላ ማለፍ አቅቶኝ እዚያው ቀረሁ።

ሃያ ዓመቴ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባሉት የሠራተኛ ቤቶች ውስጥ ከእናቴ ጋር ሁለታችን ብቻ እንኖር ነበር። አባቴ የሐዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበር፤ እኔ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ሞተ። እኔ ደግሞ አሥረኛ ክፍል እንደጨረስኩ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባሁ፤ ክር ማጠንጠኛ ክፍል። ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆመን ስለምንውል እግሬ ሲያብጥ የመቆም ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከጥምቀት በኋላ ግን ጠዋት ስነሳ የዓይኔ ቆብ አልከፈት እያለኝ መጣ፤ ጫማዬም እምቢ አለኝ።

እናቴ ከተማ ወዳለ የመንግሥት ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሽንቴን ሦስት ጊዜ መረመሩት። ሐኪሙ አጭር፣ የደከመው ሰው ነበር። ኩላሊትሽ ማስቀረት ያለበትን ነገር ከሽንት ጋር እያፈሰሰው ነው አለኝ። በየቀኑ ጠዋት፣ ቁርስ ከበላሁ በኋላ፣ አሥራ ሁለት ትንንሽ ነጭ የፕሬድኒሶሎን ክኒኖች እንድውጥ አዘዘልኝ። ጨው ከለከለኝ። ከዚያ ጣቱን ቀስሮ፣ «መቀነስ ሲያስፈልግ የምቀንስልሽ እኔ ነኝ። በራስሽ አንድም ቀን እንዳታቆሚ። ሰማሽ?» አለኝ። ሰምቻለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እናቴ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ፣ «ለሰው ደም ማነስ ነው እንላለን» አለችኝ። ገባኝ። ከሠፈራችን ኩላሊታቸውን የታመሙ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱንም ቀብረናቸዋል። በዚያ ላይ እኔ ያላገባሁ ልጅ ነኝ። በሽታን መደበቅ ለእኛ ሠፈር ነውር አልነበረም፤ እንዲያውም የጨዋ ቤት ወግ ነበር። ከመጣብን መከራ ግማሹ ከዚያች አንዲት ሹክሹክታ የመጣ ነው ብዬ አሁን አስባለሁ።

ክኒኑን ስጀምር መጀመሪያ የመጣው ረሃብ ነው። ረሃብ ስል ምሳ ሲዘገይ የሚሰማችሁን ዓይነት አይምሰላችሁ። በልቼ ሳልነሳ ይርበኛል። ከከድር ሱቅ አራት ዳቦ ገዝቼ ቤት የምደርሰው አንዱን ይዤ ነው። ከድር የስልጤ ሰው ነበር፤ ጨዋ። አንድ ቀን ብቻ «ስድስት ላድርግልሽ እንዴ?» ብሎኝ ወዲያው አፍሮ ዞር አለ። ሥራ ቦታ በሽርጤ ኪስ ቆሎ ይዤ ስቆረጥም ተያዝኩ፤ ክር ያበላሻል ተብዬ ተቆጡኝ፤ እዚያው ማሽኑ ሥር ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የምበላው ሁሉ ደግሞ ጨው የለውም። ጨው የሌለው ሽሮ ቀምሳችሁ ታውቃላችሁ? አትቅመሱ።

ይህ ሁሉ የሆነው በሁዳዴ ነው። ክኒኑ በባዶ ሆድ አይዋጥም፤ ስለዚህ የንስሐ አባታችን ፈቅደውልኝ ጠዋት በአንድ ሰዓት እበላለሁ። ሠፈሩ በሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም ከእኛ ጓዳ ጠዋት የወጥ ሽታ ይወጣል። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ አፍንጫቸው ደህና ነበር። በሁዳዴ ጠዋት የሚበላ ማን ነው? ሕፃን፣ በሽተኛ፣ እርጉዝ። ሕፃን እቤታችን የለም። በሽተኛም የለም፤ ደም ማነስ ብቻ ነው ተብሏል።

ቀጥሎ ፊቴ ሄደ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ሄደ። ጉንጬ አብጦ ዓይኔን ዋጠው፣ አገጬና አንገቴ አንድ ሆኑ፣ አገጬ ላይ ፀጉር በቀለ። ማጅራቴ ላይ የሥጋ ጉብታ ወጣ። ሆዴ ወደፊት መጣ፤ ቆዳዬ መለጠጡን አልችል ብሎ ጣት የሚያህል ሐምራዊ ሰንበር አወጣ። ክንዴና እግሬ ደግሞ ቀጠኑ። መተኛት ተወኝ። እናቴን ያለምክንያት እጮህባታለሁ፤ ከዚያ እግሯ ሥር ወድቄ አለቅሳለሁ። የወር አበባዬም ጠፋ።

መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ሰዎች ግን «እሰይ! ተመስገን! ወፈርሽ፣ አማረብሽ!» ይሉኛል። ከውስጥ እየፈረስኩ ሰው ሁሉ እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ ይለኛል። እየሳቅሁ አሜን እላለሁ። ቤት ገብቼ መስተዋቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥኩት።

ፋሲካ ሲቃረብ ግን ምርቃቱ ተለወጠ። እትዬ በላይነሽ በር ላይ ጠብቀው ሆዴን እያዩ፣ «ወይንሸትዬ፣ ምን ያምርሻል? አትፈሪ፣ ለኔ ንገሪኝ» አሉኝ። ጥያቄው ለማን እንደሚጠየቅ የማያውቅ የለም። ፊታቸው ላይ በሩን ዘጋሁት። በሩን መዝጋቴም ማስረጃ ሆነ፤ ነፍሰ ጡር ቁጡ ናት ተባለ።

መስፍንን ላስተዋውቃችሁ። የፋብሪካው መካኒክ ነበር፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ እጁ ሁልጊዜ ግራሶ የነካው ልጅ። ከሥራ ስንወጣ እስከ ጣቢያው መታጠፊያ ድረስ አብሮኝ ይሄዳል። ሸንኮራ ገዝቶ ልጦ ይሰጠኛል። ቦዩን ስንሻገር እጄን ይይዘኛል፤ ከተሻገርን በኋላ ይለቀኛል። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም የለም። ከክኒኑ በኋላ ግን አብሬው መሄድ ተውኩ፤ እያመካኘሁ በሌላ በር መውጣት ጀመርኩ። ፊቴን እንዲያየው አልፈለግሁም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ በአንድ እሑድ ከሰዓት፣ አባባ ደምሴና ሌላ አንድ ሽማግሌ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤታችን ገቡ። አባባ ደምሴ የአባቴ የሥራ ባልደረባ የነበሩ፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው ናቸው። እኔ ጓዳ ነበርኩ። መጋረጃው ቀጭን ነው።

«ሄድን፤ ቤተሰቡም በክብር ተቀበለን» አሉ አባባ ደምሴ ለእናቴ። «ልጁ ጨዋ ነው። አላንገራገረም። አመነ።»

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። «ምኑን ነው ያመነው አባባ?»

እናቴ መሬት መሬት ታያለች። አባባ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የጽንሱን ነገር ነዋ ልጄ። የኔ ነው አለ። ከሰኔ በፊት ሠርጉን እናደርሳለን።»

እናቴ ሳትነግረኝ መስፍን ቤት ሽማግሌ ልካ ነበር፤ አብሮኝ ሲሄድ ሠፈሩ ሁሉ አይቶታል። ልጄን አስረግዟታልና ያግባት ብላ! የኩላሊቴን ነገር ከእኔ ጋር ሆና ከሐኪሙ አፍ የሰማች ሴት! ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም፤ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ሰብስበው መውጣታቸውን ብቻ አስታውሳለሁ። «ሐኪሙ ተሳስቶ ቢሆንስ?» አለችኝ እናቴ። «ሽንት ነው እኮ የመረመሩት። እርግዝናም በሽንት ነው የሚታየው።»

በማግሥቱ መስፍንን ፋብሪካው በር ላይ ጠበቅሁት። ያን ፊቴን ይዤ ፀሐይ ላይ ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«ለምንድን ነው የኔ ነው ያልከው?»

«ምን ልበል? ካድኩ ሰው ምን እንደሚልሽ አስቢው።»

«መስፍን፣ አንተ እኮ ነክተኸኝ አታውቅም።»

«አውቃለሁ» አለ፤ ጫማውን እያየ። «የማን ነው ብዬ አልጠይቅሽም። መቼም አልጠይቅሽም። አሳድገዋለሁ።»

አሁን ሳስበው እንደዚያ ያለ ደግነት በሕይወቴ አላየሁም። ያን ቀን ግን ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። እሱም አምኗል ማለት ነው። ሌላ ወንድ ጋ ሄጄ አርግዤ መጥቻለሁ ብሎ አምኖ፣ ይቅር ብሎኝ፣ ጫማውን ያያል። ላልሠራሁት ኃጢአት ይቅርታ ተሰጠኝ። ኩላሊት ነው ብዬ ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ ያቺ የአውቶቡስ ውስጥ ሹክሹክታ አንቃ ያዘችኝ። ብነግረውም አያምነኝም ነበር ብዬ ተውኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ክኒን መዋጥ አቆምኩ። ስሌቴ ቀላል ነበር፦ ክኒኑ ከቀረ ፊቴ ይመለሳል፣ ሆዴ ይጎድላል፣ ያኔ ሁሉም ዓይኑ እያየ ያፍራል። ብሞትስ? ያን ጊዜ ሞት ከዚያ ፊት የተሻለ መስሎ ነበር የታየኝ፤ ልዋሽ አልችልም። እናቴ እንደ ልማዷ አሥራ ሁለቱን ቆጥራ መዳፌ ላይ ታደርግልኛለች፤ እኔ አፌን በእጄ ሸፍኜ ውኃ እጠጣና ክኒኖቹን በር ኋላ በተሰቀለው የአባቴ የባቡር ካፖርት ኪስ ውስጥ እከታለሁ።

በሦስተኛው ቀን መገጣጠሚያዬ ሁሉ ተፈታ። በአራተኛው ማስመለስ ጀመርኩ። ጠዋት አስመልሳለሁ፣ ቀትር ላይ አስመልሳለሁ፣ ውኃ ጠጥቼ አስመልሳለሁ። ስቆም ምድሩ ይዞራል። እትዬ በላይነሽ ሎሚ ይዘው መጥተው እያስሸተቱኝ፣ «የመጀመሪያ ነው፤ የመጀመሪያ እንዲህ ያደርጋል፤ ያልፋል» ይላሉ። ሌሎች ሴቶች በሶ በጥብጠው አመጡ። ሁሉም ፈገግ ይላሉ። እናቴም ፈገግ ትላለች! እኔ ምላሴ ተሳስሮ መናገር አቅቶኛል፤ እነሱ ስለ ክርስትና ያወራሉ። ሰው መሞቱን እያወቀ ዙሪያው ደስታ ሲሆን ምን እንደሚመስል ከእኔ በቀር ማን ያውቀዋል እያልኩ ተኝቻለሁ።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት ዝናብ ጣለ። የግንቦት አጋማሽ ነው። ስንቀጠቀጥ እናቴ ሁለቱን ብርድ ልብስ ደረበችልኝ፤ አልበቃኝ ሲል የአባቴን ካፖርት ከበር ኋላ አውርዳ ዘረጋችው። ክኒኖቹ ከኪሱ ተዘርግፈው መሬቱ ላይ ፈሰሱ። እናቴ ፊደል አታውቅም፤ እነዚያን ክኒኖች ግን በየጠዋቱ በእጇ ስትቆጥር ከርማለች። ተንበርክካ አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች። ሳትጨርስ እሪ አለች።

በጋሪ ጭቃውን አቋርጠን አስፋልት ወጣን፤ ከዚያ በላዳ። ፈረሱ ሲያዳልጠው፣ ባለጋሪው ሲሳደብ፣ እናቴ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ ይዛ «አቦዬ፣ አቦዬ» ስትል ትዝ ይለኛል። ሆስፒታል ስንደርስ ያ አጭሩ ሐኪም ተረኛ ነበር። ግሉኮስ ሰቀሉልኝ፣ መርፌ ወጉኝ። ሐኪሙ እናቴን ክፉኛ ተቆጣት፦ ሰውነቷ ራሱ የሚያመነጨውን ነገር ትቶ በክኒኑ ነበር የቆመው፤ በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ይገድላል፤ ነግሬያችሁ አልነበረም ወይ አላት። ጨርሶ እስኪወጣለት ጠበቀችው። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ፣ «ዶክተር፣ በማርያም ሽንቷን አንዴ ይዩልኝ። እርጉዝ ብትሆንስ?» አለችው።

ሰውየው በጣም ደክሞት ስለነበር ይሁን አዝኖላት፣ አዘዘ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዞ መጣ። «እርጉዝ አይደለችም እናቴ። ሽንቷ ውስጥ ያለው የድሮው ነው፤ ኩላሊቷ ነው።»

ልጇ ከሐሜት ነጻ ወጣች፤ እልል ማለት ሲገባት እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አባቴ ሲሞት እንኳ እንደዚያ ስታለቅስ አላየኋትም። በማይሰማ ድምፅ «ምን ያስለቅስሻል? ነግሬሽ አልነበር?» አልኳት።

«እርጉዝ እኮ ትወልዳለች» አለችኝ። «ዘጠኝ ወር ቆጥራ ትወልዳለች፤ ያልቃል። ይሄን ግን ምን ብዬ ልቁጠረው?»

መስፍን በሦስተኛው ቀን ብርቱካን ይዞ መጣ። እናቴ ሁሉንም ነግራዋለች፤ ከእንግዲህ የምትደብቀው አልነበራትም። አልጋው እግር ሥር ቆሞ ብርቱካኑን ይልጥልኝ ጀመር። የኔ ነው በማለቱ አላፈረም፤ በማመኑ ነው ያፈረው። ክረምቱ ሲወጣ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ አልተጻጻፍንም። እኔ ያን ክኒን ሐኪሙ ቀስ በቀስ እየቀነሰልኝ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ወሰድኩ። ኩላሊቴ ዳነ። ፊቴ ከሄደበት ለመመለስ ከዚያም በላይ ፈጀበት፤ የሆዴ ሰንበር ነጭ ሆኖ እስከ ዛሬ አለ።

እናቴን ግን ለረጅም ዓመት በልቤ ይዤባት ነበር። አግብቼ ከወለድኩ በኋላ እንኳ በተጣላን ቁጥር ያን እሑድ አነሳባታለሁ፤ ሽማግሌ ልከሽብኝ እያልኩ። አንድም ቀን መልሳልኝ አታውቅም። ከሞተች አራት ዓመት ሆናት።

ከክሊኒኩ ወጥቼ ሚኒባስ ውስጥ ይህን ሁሉ ሳስብ፣ ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ባለፈው መስከረም፣ ሃያ አንድ ዓመት የሆናት ልጄ ጠዋት ጠዋት ማስመለስ ጀምራ ነበር። አላገባችም፤ ገና ተማሪ ናት። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ድምፅዋን እየሰማሁ፣ ከቁጣም ከነውርም በፊት ከንፈሬ ላይ የመጣው ጸሎት «እርግዝና ይሁን፣ እመቤቴ፣ እርግዝና አድርጊልኝ» የሚል ነበር። ጨጓራ ሆኖ ተገኘ። ያን ቀን እናቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ እቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃት ነበር።