ከገብሱ ማሳ ያባረርኩት ስናር

ኅዳር ነው፤ አጨዳው ደርሷል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከፍኖተ ሰላም የወጣሁት እፍኝ የስናር ዘር ልለምን ነው። ስናር ገብስ መሀል የሚበቅለው ጥቁሩ የአገራችን አጃ ነው። ዘር ለሚሰበስብ ወዳጄ "ከቡሬ በላይ ደጋው ላይ ሞልቷል፣ አመጣልሃለሁ" ብዬ ፎክሬ ነበር። ሞልቶ ያየሁት ግን ከሃያ ዓመት በፊት ነው፤ የግብርና ሠራተኛ ሆኜ፣ ፀጉርም ወገብም በነበረኝ ጊዜ።

ቡሬ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ

ፉል በዳቦ በልቼ ወደ ገጠሩ የሚሄድ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ ከላይ እስከ ታች አየኝና "ጋሼ፣ የሁለት ሰው ይከፍላሉ" አለኝ።

"ለምን?"

"ከጎንዎ ማን ይቀመጣል?"

ከፈልኩ፤ እውነቱን ነው። መንገዱ ሲያልቅ ቀሪውን ሽቅብ እያለከለክኩ በእግሬ ወጣሁት። በቆሎው ቀርቶ ገብሱ ሲጀምር ብርዱም አብሮ ጀመረ።

የአያ ይስማው አውድማ

አያ ይስማውን ያን ጊዜ ጎበዝ ገበሬ ብዬ የመዘገብኳቸው እኔ ነኝ። አሁን ሸምግለዋል፤ አውድማው ዳር ተቀምጠው ገብስ ሲወቃ ያያሉ። አጎንብሼ ሰላም አልኩና ነዶውን በረበርኩ። ጥርት ያለ ገብስ። አንድ ስናር የለበትም።

"ምን ጠፋብህ?"

"ስናር፣ አያ ይስማው። እፍኝ ቢሰጡኝ ብዬ ነበር።"

ወደ ቤቱ ዞረው ለምራታቸው ጮኹ፦ "ኧረ ነይ! ያ 'ስናር አረም ነው' ያለን ልጅ ስናር ሊለምን መጣ!"

ሁላችንም ሳቅን። የኔ ሳቅ ቶሎ አለቀ። እዚህ ደጋ ሰው ገብስና ስናርን አይለይም ነበር፤ አብሮ ዘርቶ፣ አብሮ አጭዶ፣ አብሮ ፈጭቶ ይበላል። ወንፊት ይዤ መጥቼ "ዘሩን አጥሩ" ያልኳቸው እኔ ነኝ።

"ጎተራ ሥር ትንሽ እንኳ..."

"አንተ አይደለህ ያስለቀምከን? እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ 'ገብሱን ውርጭ ሲመታው ማን ሊያበላችሁ ነው?' ብላ ነበር። እኛ የተማረ ሰው ሰማን።"

"ታዲያ ሲመታው ምን በላችሁ?"

"በሬ ሸጥን።"

ልሂድ ብዬ ተነሣሁ። እሳቸው ግን ምሳ ሳልበላ አልለቀቁኝም። እሱ ነው የባሰብኝ።

ቤት፣ ወደ አመሻሹ

ጫማዬን ሳወልቅ ባለቤቴ አትጠገብ ካልሲዬ ላይ የተሰካኩ ጥቋቁር ፍሬዎች አየች።

"አገኘኸው?"

"አይ። ይሄ ዱር በቀል ዘመዱ ነው። ከመንገዱ ዳር የያዘኝ።"

ዱር በቀሉ ፍሬውን ራሱ ያራግፋል፤ ያገኘው ልብስ ላይ ተጣብቆ ይሄዳል፤ ማንንም አይለምንም። ያኛው ከገብስ ጋር ስንት ዘመን ሲታጨድና ሲዘራ ኖሮ ማራገፉን ትቷል፤ የሰው እጅ እስኪመጣ ዘለላው ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ያላመነኝ ካልሲዬ ላይ ተሳፍሮ ፍኖተ ሰላም ገባ። ያመነኝን አጠፋሁት።

አትጠገብ ፍሬዎቹን እየነቀለች "ወዳጅህን ምን ልትለው ነው?" አለችኝ።

"ሞልቶ ነበር እለዋለሁ።"