የአያቴ በርጩማዎች

ይቺን ሳልነግራችሁ ካደርኩ እንቅልፍም አይወስደኝ። አያቴ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። በሰፈራችን አዳራሽ ሽማግሌዎች ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆችን ያውላሉ፤ አያቴም የእንጨት ሥራ ያሳያሉ። ልጆቹ ግን እዚያው አዳራሽ የመንገድ ገጠመኛቸውን ወደሚያወሩት ጡረተኛ ሹፌር ይሮጣሉ። አያቴን ቅናት አንገበገባቸው። «መሪ ከመያዝ ሌላ ምን ያውቃል?» ይሉኛል።

በመጨረሻ እሳቸው ጋ እንዲቀመጡ ብለው ለየልጁ በርጩማ ሠሩ። ልጆቹ «እናመሰግናለን አባባ» አሉና በርጩማቸውን ተሸክመው ሹፌሩ ጋ ሄዱ።

«አናጢው፣ እጅህ ይባረክ፤ እስከ ዛሬ መሬት ላይ ነበር የሚቀመጡልኝ» አሏቸው ሹፌሩ።

አያቴ ትርፍ የሠሯትን አንድ በርጩማ ይዘው መሀል ገቡ። «በል ቀጥል፤ ስትዋሽ ልያዝህ» አሏቸው።

አሁን ለራሳቸው ወንበር እየሠሩ ነው፤ ከሹፌሩ ወንበር ከፍ ያለ። እናንተ ሰፈርስ እንዲህ የሚቀና ሽማግሌ የለም?